የእማማ ድሪቶ፦ ከፍራሽ ሥር የወጣ ንድፍ በጂማ ዳግም ሲሰፋ

ጂማ ውስጥ፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ አንዲት ወጣት ልብስ ሰፊ የአያቷን አሮጌ ድሪቶዎች ከፍራሽ ሥር አውጥታ ንድፋቸውን ለዛሬ ቤት በሚሆን ዕቃ ላይ ልታውለው ተነሣች፤ ለሶፋ ትራስ፣ ረከቦት ሥር ለሚነጠፍ ጨርቅ፣ ለሕፃን መጠቅለያ። የመጀመሪያው ሥራዋ ለዓይን ደስ ይል ነበር። አያቷ ግን በእጃቸው ዳብሰው «ይሄ የኔ አይደለም» አሉ። እዚህ የምጽፈው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው።

እኔ እዚያው ከተማ ልብስ ስፌት አስተምራለሁ፤ ወጣቷም እኔ ዘንድ የተማረች ናት። ሥራው ሲሰናከልም ሲቃናም አጠገቧ ስለነበርሁ፣ የቤተሰቡንም ፈቃድ ስላገኘሁ ጉዳዩን እንዳለ ላስቀምጠው። ስም አልጠራም፤ አያትየውን ግን ጎረቤቱ ሁሉ እንደሚጠራቸው «እማማ» እላቸዋለሁ። የአያት እጅ ሥራ በየቤታችን ሞልቷል። አብዛኞቻችን የምናደርገው ከሳጥን አውጥተን ፎቶ ማንሣት፣ «እንዴት ያምራል» ብሎ መልሶ መቆለፍ ነው። አንዳንዱን ደግሞ በበረኪና አጥበን እንጨርሰዋለን። በዚህ ቤት የተደረገው ከዚህ የተለየ ስለሆነ ዝርዝሩ ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ሦስቱ ድሪቶዎች

የእማማ ባለቤት ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሂርማታ ገበያ አጠገብ፣ በረንዳ ላይ፣ በእግር በሚረገጥ ሲንጀር የተማሪ ዩኒፎርምና የካኪ ኮት ይሰፉ ነበር። ሂርማታ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ሰው የሚጎርፍበት ገበያ ስለሆነ ልብስ ሰፊ ሥራ አያጣም። ማታ ሲገቡ የዕለቱን ብጣሽ በዘንቢል ይዘው ይመጣሉ። እማማ ብጣሹን በቀለምና በመጠን ለይተው ያስቀምጡታል፤ ሲበቃ ይገጣጥሙታል፤ መሃሉ ላይ ያለቀ ጋቢ ያስገባሉ፤ ከሥር ገበር ያደርጉለትና ሦስቱን አንድ ላይ በእጅ ይሸልሉታል፤ ማለትም ከፊት እስከ ገበሩ እየወጉ ያያይዙታል።

ከዓመታት ሥራ የተረፉት ሦስት ናቸው፤ እማማም ለእያንዳንዱ ስም አላቸው። «ርብራብ» የሚሉት ቀጫጭን ብጣሾች አንዴ ቁም አንዴ አግድም እየተደረደሩ የተሰፉበት ነው፤ ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነው። «አዌቱ» ጥቁር ሰማያዊ ወይም ቡናማ ሦስት ማዕዘን ከነጭ ጋር ካሬ እየሆነ ተጋጥሞ ወዲያና ወዲህ የሚጠማዘዝ መስመር የሚሠራበት ነው፤ በከተማው መሃል እየተጥመለመለ በሚያልፈው ወንዝ ሰይመውታል። ሦስተኛው «በርጩማ» ይባላል። የጂማን ባለሦስት እግር በርጩማ የማያውቅ የለም፤ እማማ በየሦስት ማዕዘኑ መሃል ላይ ሦስት መስመር ስፌት እንደ እግር አውጥተውለታል።

የትኛው መቼ እንደተሠራ የታወቀው በፊደል ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር እማማ ልጅ አዝለው ቀበሌ እየሄዱ ተማሩ። «ርብራብ» ላይ አንድም ፊደል የለም። «አዌቱ» አንድ ጥግ ላይ በቀይ ክር «ሀ ሁ ሂ» ተጠልፏል፤ «ሂ» ፊቷን ወደ ግራ አዙራለች። «በርጩማ» ላይ ግን የልጆቻቸው ስም ሁሉ በትክክል ሰፍሯል። እንግዲህ የመጀመሪያው ከዘመቻው በፊት፣ ሁለተኛው በዘመቻው ሰሞን፣ ሦስተኛው ከዚያ በኋላ ነው ማለት ነው። እማማን ስንጠይቃቸውም እንዲያ ነው ያሉት። የ«አዌቱ»ን ገበር ወደ ብርሃን ሲያነሡት ደግሞ የዱቄት ከረጢት ጽሑፍ ድብዝዝ ብሎ ይታያል። ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በራሽን ይከፋፈል በነበረበት ጊዜ ከረጢት የሚጣል ዕቃ አልነበረም።

ድሪቶ የችግር ልብስ ነው ተብሎ ይታሰባል። እማማም እንዲያ ነው የሚያስቡት። ከላይ ባለአበባው ብርድ ልብስ ይነጠፋል፤ ድሪቶው ከሥር ሆኖ ያሞቃል፤ እንግዳ ሲመጣ ጫፉ እንኳ እንዳይታይ ይጠቀለላል። የልጅ ልጃቸው አውጥታ ስትዘረጋው «ምነው ልጄ፣ ገመናችንን አደባባይ ታወጪዋለሽ?» አሏት። እሷም «እማማ፣ ይሄ እኮ ሥራሽ ነው፤ ገመና ያለው ማነው?» አለቻቸው። ይህን ለማሳመን ከስፌቱ ያልተናነሰ ጊዜ ወስዷል።

እኔም የበኩሌን ላድርግ ብዬ ስልኬ ላይ ያሉ ፎቶዎች አሳየኋቸው። አላባማ ውስጥ ጊስ ቤንድ በምትባል መንደር ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን እናቶች ካረጀ የሥራ ልብስ የገጣጠሟቸው የአልጋ ልብሶች እ.ኤ.አ. በ2002 ሂውስተን በሚገኘው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለሕዝብ ታይተዋል፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ወጥተዋል። የቤንጋል ሴቶችም ያረጀ ሳሪ ደራርበው እየሸለሉ ካንታ የሚባለውን ይሠራሉ። እማማ ስልኩን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አዩና «እነሱም የባላቸውን ሱሪ ነው የቀደዱት?» አሉ። አዎ አልኋቸው። በማግሥቱ ስሄድ ድሪቶው ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ነበር።

የመጀመሪያው ትራስ

ልጅቷ «አዌቱ»ን መረጠች። መሬት ላይ ዘርግታ፣ ወንበር ላይ ቆማ በስልኳ ፎቶ አነሣችው። ፎቶውን ትራስ እስኪያክል አሳንሳ አሳተመች፤ የታተመውን ወረቀት በየመስመሩ ቆራርጣ የጨርቅ መቁረጫ ልክ (ፓተርን) አደረገችው። ጨርቁን ገበያ ወርዳ አዲስ ገዛች፤ ደማቅ ቀይ፣ ብጫ፣ ሰማያዊ፤ ግማሹ ጥጥ፣ ግማሹ ቴትሮን የሚባለው ሰው ሠራሽ ጨርቅ።

ስልክ ዘንበል ብሎ ሲያነሣ ቅርቡ ሰፍቶ ሩቁ ጠብቦ ይታያል። ስለዚህ አንድ ዓይነት መሆን የነበረባቸው ሦስት ማዕዘኖች ከላይ ትንንሽ፣ ከታች ትልልቅ ሆነው ወጡ። ከዚህ የባሰው የስፌት ትርፍ አለመጨመሩ ነው። ወረቀቱ የሚያሳየው ተሰፍቶ ያለቀውን ጨርቅ ነው፤ በወረቀቱ ልክ ከቆረጡ ስፌቱ ከአራቱም ወገን ይበላዋል። የሦስት ማዕዘኖቹ ሹል ጫፎች እርስ በርስ ከመገናኘት ይልቅ ስፌት ውስጥ ተቀበሩ፤ ወንዙ እዚህም እዚያም ተቆራረጠ። ትራሱ ሲታጠብ ደግሞ ጥጡ ሰበሰበ፣ ቴትሮኑ ባለበት ቀረ፤ ፊቱ ተጨማደደ።

ይህን ሁሉ ብናይም «ቆንጆ ነው» የሚል ሰው አልጠፋም። ቀለሙ ዓይን ይስባል። አንድ ነጋዴ እንዲያውም ድሪቶውን በፎቶ ጨርቅ ላይ አሳትሞ በብዛት ለመሸጥ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ልጅቷ ለጊዜው ልቧ ተከፈለ፤ በእኔ አስተያየት ግን ያኔ እሺ ብትል ንድፉ እዚያው ያበቃለት ነበር። የድሪቶ ፎቶ የታተመበት ጨርቅ ድሪቶ አይሆንም፤ ስፌቱ የሚፈጥረው ጉብታና ጉድጓድ የለውም፤ ሰውም ከአንድ ሰሞን በኋላ ይሰለቸዋል።

ነገሩን የቆረጡት እማማ ናቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረዳቸው ጨርቅ የሚያዩት በእጃቸው ነው። ትራሱን ጭናቸው ላይ አድርገው አራት ጣታቸውን ገጠሙና ካሬዎቹ ላይ አንድ በአንድ አሳረፏቸው። አንዱም አልገጠመም። «ይሄ የኔ አይደለም። አራት ጣቱ የታለ?»

አራት ጣት

ከዚህ በፊት ንድፍ ስንል ሁላችንም የምናስበው ቀለሙንና ቅርጹን ነበር። እማማ ግን የሚያውቁት ልኩን ነው። ወደ አሮጌው ድሪቶ ተመልሰን በሜትር ስንለካው እያንዳንዱ ካሬ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ በአንዱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ያንሳል፣ በሌላው ያልፋል። «ርብራብ»ም ላይ የሦስት ብጣሽ ስፋት ድምር ያው 7 ነው። «በርጩማ»ም ያው። ሦስቱም የተሠሩት በአንድ እጅ ልክ ነው፤ ለዚህ ነው ጎን ለጎን ሲዘረጉ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸው የሚታወቀው።

«እማማ፣ አራት ጣት የሚሉት ሲቆረጥ ነው ወይስ ሲሰፋ?» አልኋቸው።

«ሲሰፋ ነዋ! ሲቆረጥማ ጥፍር ከግራ፣ ጥፍር ከቀኝ ትጨምሪበታለሽ።»

«ሦስት ማዕዘኑስ?»

«እሱ ሆዳም ነው። ለሱ ጥፍር ተኩል፣ ከዚያም ትንሽ ከፍ ታደርጊለታለሽ።»

የእማማ ጥፍር ስፋት 1 ሳንቲ ሜትር ነው። እንግዲህ 7 ሳ.ሜ. ሆኖ የሚያልቅ ካሬ 9 በ9 ይቆረጣል። ከሁለት ሦስት ማዕዘን የሚገጠም ካሬ ግን ሰያፍ ስፌትም አለበት። ሁለቱ ቀጥ ያሉ ጠርዞች 2 ሳ.ሜ. ይወስዳሉ፤ ሰያፉ ደግሞ 1.4 ሳ.ሜ. ያህል ይጨምራል። ድምሩ 3.4 ነው፤ ለእያንዳንዱ ወገን 1.7። ይኸው የእማማ «ጥፍር ተኩልና ትንሽ ከፍ ያለ» ነው። እኔ ይህን ቁጥር በሒሳብ ለተማሪዎች ሳስረዳ ኖሬአለሁ፤ እሳቸው ሜትር ሳይዙ በጣታቸው እዚያው ደርሰዋል። ስንሠራ ለቀላልነት 10.5 በ10.5 እንቆርጣለን፤ የተረፈው ሚሊ ሜትር ከተገጠመ በኋላ ይስተካከላል።

የልጅቷ ትራስ ለምን እንዳልያዘም እዚህ ላይ ግልጽ ሆነ። ንድፉን ለማሳነስ ልኩን ነበር የከፈለችው። 7 ሳ.ሜ. የነበረው 3.5 ሲሆን ስፌቱ አብሮ አይከፈልም፤ 1 ሳንቲ ሜትሩ ያው 1 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ባለ 7 ካሬ ለመሥራት 9 በ9፣ ማለትም 81 ካሬ ሳ.ሜ. ጨርቅ ይበቃል። ያንኑ ቦታ በአራት ባለ 3.5 ካሬ ለመሙላት እያንዳንዱን 5.5 በ5.5 መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ድምሩ 121 ይሆናል። ጨርቁ በግማሽ ያህል ጨመረ፤ ስፌቱ እጥፍ ሆነ፤ ከሥር የሚታጠፈው ትርፍ ተደራርቦ ትራሱ ድርቅ አለ። ውበቱም አብሮ ሄደ፤ ትልቁ ወንዝ ቦይ ሆነ።

ስለዚህ ውሳኔው ልኩን አለመንካት፣ የካሬዎቹን ቁጥር ብቻ መቀነስ ሆነ። የሶፋ ትራስ 6 በ6 ካሬ ነው፤ 42 ሳ.ሜ.። ረከቦት ሥር የሚነጠፈው 9 በ9፤ 63 ሳ.ሜ.። የሕፃን መጠቅለያው 12 በ15፤ 84 በ105። የላፕቶፕ ማስቀመጫው 4 በ6፤ 28 በ42። ሁሉም ከአሮጌው ድሪቶ ላይ ተቆርጦ የተነሣ ያህል ይመስላል፤ ካሬውን ከዋናው ድሪቶ ጋር ቢያስተያዩት ይገጥማል።

የልጅቷ አራት ጣት ከአያቷ ይጠባል፤ የኔው ይሰፋል። ልኩ በእማማ እጅ እንዲቀር ከተባለ ከእጅ ውጭ መቀመጥ ነበረበት። በርጩማ የሚሠሩ አንድ አናጢ ጎረቤት ከዋንዛ ሦስት ሳንቃዎች ቆርጠው ሰጡን፤ 7፣ 9 እና 10.5። ሳንቃው ጨርቁ ላይ ይቀመጣል፤ ዙሪያው ባለቀ የሳሙና ቁራጭ ይሰመራል። ሳሙና በመጀመሪያው እጥበት ይጠፋል፤ እስክሪብቶ አይጠፋም፤ ለዚህም እስክሪብቶ ከክፍሉ እንዲወጣ አድርጌአለሁ።

ለ«አዌቱ» ትራስ 36 ካሬ ያስፈልጋል። 18 ጨለማ፣ 18 ነጭ ባለ 10.5 ካሬ ይቆረጣል። ስፋቱ 90 ሳ.ሜ. ከሆነ አቡጀዲ ላይ በአንድ ረድፍ 8 ስለሚወጣ፣ ከእያንዳንዱ ቀለም 35 ሳ.ሜ. ቁመት ይበቃል። አንድ ጨለማና አንድ ነጭ ፊት ለፊት ይገጠሙና ከጥግ ወደ ጥግ በሳሙና ይሰመርባቸዋል፤ ከመስመሩ ግራና ቀኝ በ1 ሳ.ሜ. ርቀት ሁለት ጊዜ ይሰፋሉ፤ ከዚያ መስመሩ ላይ ይቆረጣሉ። ሲገለጡ ሁለት የተዘጋጁ ካሬዎች ናቸው። እማማ በፊት አስቀድመው ቆርጠው ነበር የሚሰፉት። ሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ግን ሲይዙት ይሳባል፤ የለመደ እጅ ካልሆነ ልኩ ይበላሻል። መጀመሪያ ሰፍቶ በኋላ መቁረጥ ይህን ያስቀራል። ካውያውንም ወዲያ ወዲህ መግፋት የለም፤ ቦታው ላይ አሳርፎ ማንሣት ነው።

የስፌት መኪና ይግባ አይግባ የሚለው ብዙ አከራክሮናል። ልጅቷ ሁሉም በእጅ ይሁን አለች፤ የአያቷ ስለሆነ። እኔ ግን መግጠሙ በመኪና፣ መሸለሉ በእጅ ይሁን አልሁ፤ አሁንም አቋሜ ይኸው ነው። መግጠሚያው ስፌት ከውስጥ ስለሚቀር አይታይም፤ ጥንካሬ ብቻ ነው የሚፈለግበት። ሽልሉ ግን ፊት ላይ ነው። ሦስቱን ድርብ ወግቶ የሚወጣው ክር ጨርቁን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረገ ያንን ጉብታ የሚሰጠው እሱ ነው። የእማማ እያንዳንዷ ውግ የስንዴ ፍሬ ታክላለች፤ ክፍተቷም እንዲሁ። መኪና ይህን አይሠራም፤ የመኪና ስፌት ክፍተት የለውም። እማማን ብንጠይቃቸው «ሲንጀሩ የባለቤቴ ስለነበር እንጂ ባገኝ እኔም በሱ እገጥም ነበር» አሉና ክርክሩን ዘጉት።

ስለ ቀለምም የተናገሩት አለ። በ«አዌቱ» ላይ ጥቁር ሰማያዊው ከዩኒፎርም፣ ቡናማው ከካኪ፣ ነጩ ከአቡጀዲ የመጣ ነው። ቀይ የሚታየው በአንድ ረድፍ ብቻ ነው፤ ከተቀደደ ነጠላቸው ጥለት ላይ የተቆረጠ። ቀይ የቆጠቡት ስላልነበራቸው መስሎን ነበር። «ቢኖረኝም አላበዛውም። ሁሉ ቦታ ከጮኸ ዓይን የት ይረፍ?» አሉ። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ትራሶች በሙሉ ደብዘዝ ያለ ቀለም ይዘው አንድ ረድፍ ላይ ብቻ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ጥለት ያስገባሉ። ጥለቱ ከከተማው ሸማኔዎች ይገዛል። የሸማ ጨርቅ ሳሳ ያለ ስለሆነ ጫፉ ይፈታል፤ ከሥሩ ስስ አቡጀዲ አብሮት ይቆረጣል።

እጥበትና እርጥበት

ጂማ ላይ ዝናብ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም ማለቂያ ጨርቅ በደንብ የሚደርቅበት ቀን ጥቂት ነው። ከፍራሽ ሥር የኖረ ድሪቶ ደግሞ ሻጋታ ሳያገኘው አይቀርም። «ርብራብ» ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ነበረበት፤ «በርጩማ» ላይ የአልጋው ሽቦ የተወው የዝገት መስመር። ልጅቷ በረኪና ልታፈስበት ስትል እማማም እኔም ከለከልናት። በረኪና ጥጡን ራሱን ይበላል፤ ዛሬ ነጭ ያደረገው ቦታ ነገ ይበጣጠሳል።

የሻገተው ደረቅ ቀን ተጠብቆ ውጭ በለስላሳ ብሩሽ ተራገፈ፤ ቤት ውስጥ ቢራገፍ ብናኙ ሌላው ላይ ያርፋል፤ ለሳንባም አይበጅም። ከመታጠቡ በፊት የቀይ ክሩ ቀለም ተፈተነ፤ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ተጭኖበት ቀለም ካልተወ ይታጠባል። የ«አዌቱ» ጥልፍ ትንሽ ቀለም ስለተወ እሱ ውኃ አልነካውም፤ ጥላ ሥር ነፋስ ብቻ አገኘ። ሌሎቹ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ተነከሩ። እማማ እንዶድ ካልሆነ አሉ፤ ነጭ ሸማ ሲያጥቡ የኖሩት በሱ ነው። እንዶድ አረፋ የሚያወጣ ለስላሳ ማጠቢያ ስለሆነ አልተቃወምሁም፤ ያው ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው የመረመሩት ተክል ነው። ድሪቶ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ በአንድ ጫፍ ቢነሣ በራሱ ክብደት ይቀደዳል። በአንሶላ ተይዞ ወጣ፤ ሳይጨመቅ በወንፊት ሽቦ ላይ ተዘረጋ። የዝገቱ መስመር አልለቀቀም። ትተነዋል።

አሁን በታጠበ አቡጀዲ ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። እንጨት ሳጥን ውስጥ ባዶውን የተቀመጠ ጨርቅ በእጥፋቱ ላይ ቡናማ መስመር ያወጣል። ሳይታጠፍ ቢጠቀለል ይሻላል፤ ፀሐይ በወጣ ቁጥርም ጥላ ላይ ይናፈሳል። ለአዲሶቹ ሥራዎች ደግሞ ጥጥ ከጥጥ ጋር ብቻ ይገጠማል፤ ጨርቁ ሁሉ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ ይተኮሳል፤ መሰብሰቡ ከሆነ አስቀድሞ ይሰብሰብ።

ገበያው

ከሁሉ ቀድሞ የተሸጠው ይሸጣል ብለን ያልጠበቅነው የረከቦት ማንጠፊያ ነው። የቡና አገር ነውና ነገሩ ይገባኛል፤ ስኒ የሚደረደርበት ጨርቅ ቡና ሲፈስበት የማይጎዳ፣ ታጥቦ የሚመለስ መሆን አለበት፤ ካኪና ጥቁር ሰማያዊ ይህን ይችላሉ። የሕፃን መጠቅለያውን የሚወስዱት አራስ የሚጠይቁ ሰዎች ናቸው። ትራሱ ቀስ ይላል። የላፕቶፕ ማስቀመጫው ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ጥሩ ጥያቄ ነበረው፤ ዋጋው ግን ለተማሪ ከበድ ይላል።

ዋጋው ከጨርቁ አይመጣም። ጨርቁ ከወጪው ትንሹ ነው፤ ብጣሹንም ልብስ ሰፊዎች ለዘንቢል ሙሉ ትንሽ ገንዘብ ያስከፍላሉ፤ አንዳንዶቹ በነፃ ይሰጣሉ። የሚያስወድደው ሽልሉ ነው። ልጅቷ መጀመሪያ ላይ የጨርቁንና የክሩን ዋጋ ደምራ ትንሽ ትርፍ ጨምራ ነበር የምትሸጠው፤ የእጇን ሰዓት አትቆጥርም። አያቷ ስላልተከፈላቸው እሷም የማይከፈላት ይመስላት ነበር። አሁን ለእያንዳንዱ ሥራ የሸለለችበትን ሰዓት ትጽፋለች፤ በሰዓት ስንት እንደሚገባት ወስና በዚያ ታባዛለች። አንዳንዱ ገዢ ዋጋ ሰምቶ ይሄዳል። ይሂድ። የእጅ ሥራ በርካሽ ሲሸጥ ቀድሞ የሚጠፋው ሠሪው ነው፤ በየሰፈሩ ዳንቴል ሲሠሩ የነበሩ ስንት ሴቶች በዚህ ምክንያት እንደተዉት አውቃለሁ።

ከሽያጩ ላይ ለእማማ ድርሻ ይቆረጣል። የቤተሰቡ ውሳኔ ነው፤ እኔም ደግፌዋለሁ። ንድፉ የሳቸው ነው፤ በሕይወት እያሉ፣ በስማቸው፣ በእጃቸው ሊገባ ይገባል። በየሥራው ጀርባ ላይ የድሪቶው ስም በቀይ ክር ይጠለፋል፤ «አዌቱ» ወይም «ርብራብ»፤ ከሥሩም «ከእማማ» ይላል።

ድሪቶዎቹን ቆርጦ መሸጥ የሚል ሐሳብም ከአንድ ገዢ መጥቶ ነበር፤ አሮጌው ጨርቅ ራሱ ትራስ ላይ ይግባ፣ የበለጠ ይሸጣል ብሎ። ልጅቷ አልተስማማችም። ለእያንዳንዱ ድሪቶ በካሬ ደብተር ላይ ሙሉ ሥዕል ተሠርቷል፤ አንድ የደብተር ካሬ ለአንድ ባለ 7፤ ቀለሙ፣ የብጣሹ ዓይነት፣ የተጣፈበት ቦታ ሁሉ ተጽፎበታል። እማማ ኋላ ላይ የጣፏቸውን ቀዳዳዎች ልጅቷ መጀመሪያ ልትዘላቸው ነበር፤ እኔ እንድትጽፋቸው ገፋሁ፤ ምክንያቱም ድሪቶው የት የት እንደሚያልቅ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። ጥፈቶቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ከላይኛው ጠርዝ ላይ ናቸው፤ አገጭና እጅ የሚነካው ቦታ። የሕፃን መጠቅለያው ላይኛ ጠርዝ አሁን ሁለት ጊዜ የሚዘመዘመው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

የቀረው «በርጩማ» ነው። መገጣጠሙ ተችሏል፤ ሦስቱ የስፌት እግሮች ግን ከመሃል ተነሥተው በእኩል ርቀት መውጣት አለባቸው፤ እማማ ደግሞ ያለ ምልክት በግምት ነበር የሚያወጧቸው። ልጅቷ አሁን ሁለት ጎረቤቶቿን ጨምራ ከሰዓት በኋላ ከእማማ ጋር ትቀመጣለች። እማማ ጨርቁን ይዳብሳሉ፤ ያልተስተካከለው እግር ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «ይሄ ይፈታ» ይላሉ፤ ይፈታል፤ እንደገና ይሸለላል። እስካሁን «ይህ ይሁን» ያሉት አንድ የረከቦት ማንጠፊያ ነው፤ እሱንም አልሸጥነውም፤ ለተማሪዎቼ ናሙና እንዲሆን ክፍል ውስጥ ተሰቅሏል።